ጥቁሩ ነጥብና የሱፍ ፍሬው፦ የወይዘሮ ቬርና ፓሊቹክ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቬርና ፓሊቹክ ከአባታቸው ከአቶ ስቴፋን ሆሎቫችና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልሲ ሮማኒዩክ፣ ከኤድመንተን ከተማ በስተምሥራቅ በሙንዴር አቅራቢያ በሚገኘው የቤተሰባቸው የስንዴ እርሻ ላይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1949 ተወለዱ። በዚያን ቀን መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪሙ የደረሰው በማግስቱ ነው፤ ሲደርስም ሕፃኗ ጠብታ፣ እናትየው ተነሥተው ምድጃ ሲያነዱ አገኛቸው።

እስከዚህ ያለውን የጻፉት ሟቿ ራሳቸው ናቸው። ይህን የማነብላችሁ እኔ የወንድማቸው ልጅ ላሪሳ ስሆን፣ ባለፈው ሐምሌ አክስቴ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የተወለዱበት ቀን ተጽፎበታል፤ ያረፉበት ቀን በሚገባበት ቦታ ላይ ባዶ መስመር ተሰምሯል። ከግርጌው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ቀሪውን አንቺ ጻፊው። የ1999ኙን ጥፋቴን ግን እንዳትዘልዪው። ከዘለልሽው ተነሥቼ ራሴ አነበዋለሁ።» አክስቴን የምታውቁ ሁሉ ይህን እንደማያደርጉ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ስለዚህ አልዘለውም።

ወይዘሮ ቬርና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በእርሻው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ብቻ በነበራት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን በሙንዴር ተከታትለው በ1967 አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት ወደ ኤድመንተን መጥተው የራጅ ባለሙያነት ሥልጠና ጀመሩ። ገና ተማሪ ሳሉ እናታቸው ለፋሲካ በሰምና በቀለም ያጌጡትን እንቁላል በኪሳቸው ደብቀው ወስደው ራጅ አነሡት። አስተማሪያቸው ደርሰው «ምን እየሠራሽ ነው?» ቢሏቸው፣ «ሳልሰብረው ውስጡን ልየው ብዬ ነው» አሉ። ለዚህ ጥፋት አንድ ሳምንት ሙሉ የፊልም ማጠቢያ ገንዳ እንዲፈትጉ ተፈረደባቸው። ፊልሙ ግን እስከ ዛሬ በወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ሕይወታቸውን በሙሉ የሠሩትም ያንኑ ነው።

በ1969 ተመርቀው በከተማው ሆስፒታል ተቀጠሩ። በግንቦት 1973 የስንዴ ጎተራ ሠራተኛ ከነበሩት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በየሠርጉ አኮርዲዮን ከሚጫወቱት ከአቶ ኦረስት ፓሊቹክ ጋር አሁን በተሰበሰብንበት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ኦረስት በገዛ ሠርጋቸው ላይ አኮርዲዮኑን ከተጫዋቹ ቀምተው ሲጫወቱ ሙሽራይቱ ከአማቷ ጋር ለመጨፈር ተገደደች ይባላል። አንዲት ልጅ፣ ኦክሳናን፣ በ1976 ወለዱ።

በጥቅምት ወር 1991 አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ቬርና ሥራ ላይ ሳሉ አንድ በሽተኛ በተሽከርካሪ አልጋ ተገፍቶ ገባ። ፊቱን ነርሶቹ ከልለውት ነበር። አክስቴ ያዩት ጫማውን ነው። ግራ ጫማው ላይ የገዛ እጃቸው የሰፋው ቀይ ክር ነበረበት። ባለቤታቸው መሆናቸውን ያወቁት በዚያ ነው። ሥዕሉን ሌላ ሰው እንዲያነሣ ተጠይቀው እንቢ አሉ፤ ራሳቸው አነሡት። በባለቤታቸው አንጎል ውስጥ በግራ በኩል ደም ፈስሶ ነበር። አቶ ኦረስት አርባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከሞት ተረፉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሙ «ከመጠበቅ በቀር የምንሰጠው ነገር የለንም» አለ። አክስቴ «መጠበቅ» የሚለውን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠሉት፤ አውቶቡስ እንኳ ቆመው አይጠብቁም ነበር፣ ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

በ1994 ሆስፒታሉን ለቀው በዶክተር ናይጄል ቶርበርን ወደሚመራው የምርምር ክፍል ተዛወሩ። ሥራው በአይጦች አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ምን እንደሚያደርግ፣ እንዴትስ እንደሚድን ኤም.አር.አይ. በተባለው፣ በማግኔት ኃይል የአካልን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ መከታተል ነበር። አይጦቹ በማደንዘዣ ተኝተው በአንጎላቸው ውስጥ በአንድ በኩል ጥቂት ደም እንዲፈስ ይደረጋል፤ ከዚያም በመጀመሪያው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ በትንሿ ማግኔት ውስጥ ገብተው ሥዕል ይነሣሉ። ቀድሞ የአንጎልን ውስጥ ለማየት እንስሳውን መግደል ግድ ነበር፤ ለየቀኑ ሌላ እንስሳ ማለት ነው። አሁን አንዱን አይጥ በሕይወት እያለ ደጋግሞ ማየት ተቻለ። ይህም ሆኖ ለአክስቴ ቀላል አልነበረም። ደም በሚፈስበት ቀን ምሳ አይበሉም ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «እነሱ ሳይፈቅዱ ለሰጡን ነገር እኔ ምሳዬን ብተው ምን አለበት» አሉኝ።

የዚህች ቤተ ክርስቲያን ሴቶች እሑድ እሑድ በአዳራሹ ወጥ ቤት ፒሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ ሲጠቀልሉ አክስቴን አላስቀምጥ አሏቸው። «ቬርና፣ ሰው ጠፍቶ ነው አይጥ የምታስታምሚው?» ሲሏቸው፣ «አይጥ ጎረቤቱን አያማም» ብለው ሊጣቸውን ይጠፈጥፉ ነበር። ብረት ወደ ማግኔቱ ስለማይቀርብ የፀጉር ሽቦ ትተው ሻሽ ማሰር ጀመሩ፤ እናታቸውን መሰሉ። አይጦቹን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሞቀ ውኃ ያሞቁ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ እጃቸውን ስጨብጥ ቀዝቅዞ ያገኘሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እንግዲህ ወደ 1999 ደረስን።

ደም ሲፈስ በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ደሙ ከደረቀም በኋላ በውስጡ የነበረው ብረት እንደ ዝገት ስለሚቀር ነጥቡ ይቆያል። በዚያ ዓመት ይህን ዝገት ጠርጎ ያወጣል የተባለ መድኃኒት ሊሞከር ተጀመረ። አይጦቹ «ሀ» እና «ለ» በሚሉ ሁለት ወገኖች ተከፈሉ፤ የትኛው ወገን መድኃኒቱን እንደሚያገኝ፣ የትኛው ባዶ ውኃ እንደሚወጋ ሥዕል አንሺዋም ሆነች ሌሎቹ ሠራተኞች እንዳያውቁ ተደረገ። በየሳምንቱም የአይጦቹ እጅ ይፈተናል፤ በጠባብ ቀዳዳ አሻግረው በደከመው እጃቸው ምግብ ማንሣት አለባቸው፤ ከሃያ ስንቱን እንዳነሡ ይቆጠራል።

በመስከረም አንድ ረቡዕ ምስጢሩ ተከፈተ። መድኃኒቱን ያገኙት «ለ»ዎቹ ነበሩ። የ«ለ»ዎቹ ጥቁር ነጥብ ከ«ሀ»ዎቹ አንሶ ታየ፤ እጃቸውም ከሁለት እጥፍ በላይ በርትቶ ተገኘ። ዶክተር ቶርበርን ከደስታቸው ብዛት ወንበር ላይ ወጥተው ቆሙ። አንድ ሰው ዶናት አመጣ። በሰው ላይ እንዲሞከር ለመጠየቅ ደብዳቤ መጻፍ የተጀመረው በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያስታወሰ አልነበረም።

አክስቴ ዶናቱን እንደያዙ ቀሩ። የ«ለ» ሣጥኖች ሁሉ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። እንዲያ የደረደሯቸው ራሳቸው ናቸው፤ በሥዕል ቀን ተራው እንዳይምታታ ብለው «ሀ»ን ከላይ፣ «ለ»ን ከታች አደረጉ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አይጦቹን የሚቀልቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሽተኛ በማንሣት ብዛት ጉልበታቸው ተጎድቶ ስለነበር አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲቀመጡ ፊት ለፊታቸው ያለው የታችኛው መደርደሪያ ነው። በኪሳቸው ሁልጊዜ የሱፍ አበባ ፍሬ አለ። እጁ የተንጠለጠለ አይጥ ሲያዩ አላስችላቸው ይላል። ፍሬዋን ከሣጥኑ ሽቦ ውጪ ራቅ አድርገው ይይዛሉ፤ ደህናውን እጁን ከዘረጋ ይነሡታል፤ የደከመውን ከዘረጋ ይሰጡታል። አንድ ፍሬ፣ ከዚያ ሌላ ፍሬ፤ በየቅዳሜውና በየእሑዱ። ይህ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ነውር የሠሩም አልመሰላቸው፤ በቤታቸው ለባላቸው የሚያደርጉት ነውና። አቶ ኦረስት አንገቱ ከጠበበ ጠርሙስ ውስጥ በቀኝ እጃቸው ፍሬ እንዲያወጡ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲገደዱ ኖረዋል።

እንግዲህ የአይጦቹን እጅ ያበረታው መድኃኒቱ ይሁን ፍሬው ማን ያውቃል? ከአክስቴ በቀር ማንም መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም ነበር።

ስለ እሳቸው ከማውቀው ሁሉ ለመናገር የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ሦስት ቀን ዝም አሉ። ሥራቸውን ፈርተው አይደለም። ስለ መድኃኒቱ ለባለቤታቸው አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር፤ አቶ ኦረስትም በሰሙበት ማታ አኮርዲዮኑን ከጣራው ሥር አውርደው አቧራውን ጠርገው ሶፋው ላይ አስቀምጠውት ነበር። ለሦስት ቀን አክስቴ በዚያ አኮርዲዮን አጠገብ አለፉ፣ አገደሙ።

ቅዳሜ ጠዋት በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነገሯቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ መጽሐፍ ገልጬ የማነብ እመስል ነበር።

«ታዲያ መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው?» አሉ አቶ ኦረስት።

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

 አቶ ኦረስት ቀኝ እጃቸውን ወደ ጠርሙሱ ሰደዱ። ፍሬዋ ወደቀች። ደገሙ፣ ወደቀች። በሦስተኛው አውጥተው አክስቴ ፊት አስቀመጧት።

«ይቺ እጅ ምን መድኃኒት ዋጠች?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ሂጂና ለሰውዬው ንገሪው። አኮርዲዮኑን ግን መልሼ አልሰቅለውም፤ ሳወርደው ወገቤን ፈጅቶኛል።»

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ቬርና ሁሉም በተሰበሰበበት ተነሥተው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ በርጩማውን፣ መደርደሪያውን፣ ኪሳቸውን። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤያቸውንም ጽፈው ይዘው ነበር። ዶክተር ቶርበርን ፊታቸው ቀላ። «የስድስት ወር ሥራ በእፍኝ ፍሬ?» አሉ። አክስቴም «በእፍኝ አልሰጠሁም፤ አንድ በአንድ ነው» ብለው መለሱ። ይህን ያሉት ለመቀለድ አልነበረም፤ መረጃው ትክክል እንዲሆን ነው። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም። ዶክተር ቶርበርን ደብዳቤውን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት፤ በሰው ላይ እንዲሞከር ሊላክ የነበረውን ጥያቄም አስቀሩት። አክስቴ ለሁለት ወር ከአይጦቹ ክፍል ታገዱ። እነዚያን ሁለት ወራት የቆዩ ሥዕሎችን ሲያስተካክሉና አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ አሳለፉ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሰላምታ ነሷቸው፤ ስማቸውን ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ እዚህ ያላችሁም አላችሁ፤ አክስቴ ይቅር ስላሏችሁ እኔም ብያችኋለሁ።

በ2000 መጀመሪያ ዶክተር ቶርበርን ሥራውን እንደ አዲስ ጀመሩ፤ በዚህ ጊዜ አይጦቹ በአራት ወገን ተከፈሉ። መድኃኒት ብቻ የሚያገኙ፣ ፍሬ ብቻ የሚያነሡ፣ ሁለቱንም የሚያገኙ፣ ምንም የማያገኙ። ሣጥኖቹም በዕጣ ተደባልቀው ተደረደሩ። ፍሬውን የሚሰጥ ሌላ ሰው ሆነ፤ ማግኔቱን ግን ለአክስቴ መለሱላቸው፤ እጃቸውን የመሰለ አልተገኘምና።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ሁለት ዓመት ፈጅቶ ጠራ። መድኃኒቱን ብቻ ያገኙት ሥዕላቸው ከጥቁሩ ነጥብ ነጻ ሆነ፣ እጃቸው ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፍሬ ሲያነሡ የከረሙት ደግሞ ጥቁሩ ነጥብ እንዳለ ሆኖ እጃቸው በረታ። ዝገቱን ማስለቀቅ ጨርቁን መጠገን አልነበረም። ክፍሉ ሁሉ አንገቱን ሲደፋ አክስቴ ሌላ ነገር ጠየቁ፦ ጥቁሩን ትተን ዙሪያውን ብናየውስ? የነርቮችን መንገድ በሚያሳይ ሌላ ዓይነት ሥዕል ያንኑ አንጎል ደግመው አነሡት። በጥቁሩ ነጥብ ዳር ዳር፣ ፍሬ ያነሡት አይጦች አንጎል ውስጥ መንገዱ ወፍሮ ታየ። ድልድዩ ሲፈርስ ሰው በወንዙ ዳር እየተመላለሰ አዲስ መሻገሪያ እንደሚያወጣ ነው። በ2002 የወጣው ጽሑፍ ላይ የአክስቴ ስም ሁለተኛ ሆኖ ሰፍሯል፤ ጥፋታቸውም በራሳቸው ጥያቄ በአንድ አንቀጽ ተጽፏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከተማችን አንድ የማገገሚያ ክፍል ውስጥ አንገታቸው የጠበበ ጠርሙሶች የተደረደሩበት ጠረጴዛ ቆመ። ዛሬም አለ።

አቶ ኦረስት በ2003 በልጃቸው በኦክሳና ሠርግ ላይ አንድ ዋልዝ ተጫወቱ። ግማሹ ስህተት ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው። አዳራሹ ሙሉ ሰው ግን በዚያ ስህተት ጨፈረ፤ አክስቴም በመጨረሻ ባላቸው ሲጫወቱ ቆመው ለማየት በቁ። አቶ ኦረስት በ2013 አረፉ።

አክስቴ በ2014 ጡረታ ሲወጡ ዶክተር ቶርበርን የመልቀቂያ ደብዳቤውን ከነፖስታው መለሱላቸው። አሥራ አምስት ዓመት አልተከፈተም ነበር።

በየካቲት 2019 አንድ ጠዋት ቁርስ ስንበላ የአክስቴ ማንኪያ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት ሞከሩ፤ እጁ አልታዘዝ አለ። አፋቸው እየተሳሰረ፣ «ላሪሳ፣ ሰዓቱን ጻፊ፤ ከዚያ አምቡላንስ ጥሪ» አሉኝ። በሆስፒታል ወዲያው የደም ግፊታቸውን አወረዱላቸው፤ ባለቤታቸው በታመሙበት ዘመን ይህን ለማድረግ የሚቸኩል አልነበረም። በማግስቱ ሥዕሉን አምጡልኝ አሉ። ወጣቱ ሐኪም ሊያስረዳቸው ሲጀምር፣ «ይቺን እኔ አውቃታለሁ» ብለው አስቆሙት። በአንጎላቸው ግራ በኩል፣ ከባላቸው ቦታ ጥቂት ፈንጠር ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጠርሙሱን ከቤት እንዳመጣ አዘዙኝ።

እንደ አይጦቹ አደረግኋቸው። ግራ እጃቸውን ሲዘረጉ ነሣኋቸው። ተቆጡኝ፤ አለቀሱ፤ አንድ ቀን ፍሬውን በሙሉ ወለሉ ላይ ደፉት። እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ጠርሙሱን ራሳቸው ጎተቱት። በዚያ ዓመት የገና ዋዜማ ፒሮጊ በቀኝ እጃቸው ጠቀለሉ፤ ከሠላሳው ሃያ ሁለቱ ውኃ ውስጥ ተከፈቱ፣ እኛም የድንች ሾርባ ነው ብለን በላነው። በቀጣዩ ዓመት የተከፈቱት ሦስት ብቻ ነበሩ።

በእጃችሁ በያዛችሁት የመታሰቢያ ጽሑፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ የታተሙት ሁለት ሥዕሎች የእሳቸው አንጎል ናቸው፤ አንደኛው የ2019፣ ሁለተኛው ያለፈው ሰኔ። ጥቁሩን ነጥብ ተመልከቱት፤ ትንሽ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ከሥዕሎቹ በታች ያለውን ጽሑፍም ተመልከቱ፤ ያ ያነበብኩላችሁ ወረቀት ነው። ከጥቁሩ ነጥብ አምስት ዓመት በኋላ በቀኝ እጃቸው የጻፉት።

ወይዘሮ ቬርና ከዚህ መከር ጀምሮ በደረሰባቸው የልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2024 በሰባ አምስት ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ባዶውን መስመር እኔ ሞላሁት። ልጃቸው ኦክሳና፣ የልጅ ልጆቻቸው ቴዮና ኪራ፣ ወንድማቸው፣ እኔና ይህች ቤተ ክርስቲያን ቀርተናል። ሳይሰብረን ውስጣችንን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያሳርፍ፤ መታሰቢያቸውም ዘለዓለማዊ ይሁን።

ወደ አዳራሹ ስንወርድ በየጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ ታገኛላችሁ። ለሟች መታሰቢያ ከምንቀምሰው ማርና ስንዴ በፊት እያንዳንዳችሁ በደከመው እጃችሁ አንድ ፍሬ እንድታወጡ አክስቴ ለምነዋል። ትወድቃለች። ደግማችሁ አንሡ።